የመዋኛ ገንዳው ዕዳ

የደቡብ አፍሪካ ሴት መሪዎች ሲነሱ ብዙዎቻችን ሹመት እንቆጥራለን። ጊል ማርከስ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጀመሪያዋ ሴት የማዕከላዊ ባንክ ገዥ፣ ማንዲሳ ማያ በ2024 የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ዳኛ ሆኑ። ለእኔ ግን ትልቁ ታሪክ የቱሊ ማዶንሴላ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ በባለሙያነት የተሳተፉት እኚህ የሕግ ሰው፣ በኋላ የአገሪቱ ፐብሊክ ፕሮቴክተር (በእኛ አጠራር እንባ ጠባቂ) ሆኑ። በ2014 ባወጡት ሪፖርት ፕሬዚዳንት ዙማ ንካንድላ ባለው መኖሪያቸው በመንግሥት ገንዘብ ከተሠሩት የመዋኛ ገንዳ፣ የከብት በረትና የዶሮ ቤት ወጪ የተወሰነውን እንዲመልሱ አሉ። መንግሥት ገንዳው ለእሳት አደጋ መከላከያ ነው ብሎ ተከራከረ (እውነቴን ነው)። ፓርላማውም ዙማን ነፃ አደረገ።

ጥያቄው የእንባ ጠባቂ ቃል ምክር ነው ወይስ ትእዛዝ የሚል ሆነ። መጋቢት 2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ መለሰ፤ በፍርድ ቤት እስካልተሻረ ድረስ መፈጸም ግዴታ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ዙማ ከባንክ ተበድረው 7.8 ሚሊዮን ራንድ ከፈሉ።