ሦስተኛዋ ቀዳዳ

አሜሪካ ውስጥ ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራ ቤት የተከራየ ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ሶኬት ቢያጋጥመው አይገርምም። አዲስ የገዛው ፍሪጅ ባለ ሦስት እግር ነው፤ አልገባ ይላል። ሦስተኛዋ ክብ እግር የመሬት ሽቦ ናት፤ እስክትመጣም ብዙ ዘመን ፈጅታለች።

መጀመሪያ የገባው መብራት ነበር። እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሽቦው በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ የሚዘረጋው በነጭ ሸክላ እንቡጦች ላይ እየታሰረ፣ እንጨት በሚያቋርጥበት ደግሞ በሸክላ ቱቦ እያለፈ ነበር። ሁለት ሽቦ ብቻ፦ አንዱ ኮረንቲ ያመጣል፣ ሌላው ይመልሳል። ለአምፖል በቂ ነው። ነገሩ የተለወጠው የብረት አካል ያላቸው ዕቃዎች ወጥ ቤቱን ሲሞሉት ነው። የውስጥ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ዕቃው ምንም እንዳልሆነ እየሠራ ኮረንቲ ይዞ ይቀመጣል። አንድ እጇ የቧንቧ ብረት ላይ ያለ ሴት በሌላው እጇ ስትነካው የኮረንቲው መንገድ በደረቷ በኩል ይሆናል። የመሬት ሽቦ ይህን መንገድ ይቀድማል፤ ያፈተለከውን ኮረንቲ በአንዴ መልሶ ፊውዙን ያቃጥላል።

የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬትን በ1947 ለልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በ1962 ለመላው ቤት ግዴታ አደረገ።

ትልቁ ምድጃ ግን የራሱ ጉድ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መዳብ ለጦር መሣሪያ ሲፈለግ፣ የምድጃው አካል በኒውትራሉ፣ ማለትም ኮረንቲ በሚመልሰው ሽቦ፣ ላይ እንዲታሰር ተፈቀደ፤ አንድ ሽቦ ተቆጠበ። ጦርነቱ በ1945 አበቃ። ፈቃዱ ለአዳዲስ መስመሮች የተነሳው በ1996ቱ ደንብ ነው! ኒውትራሉ ከላላ የምድጃው በር ራሱ ይነዝራል።

ለአሮጌ ግድግዳ የደረሰለት በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቻርለስ ዳልዚል ነው። ሰው ስንት ኮረንቲ እንደሚችል ለዓመታት ሲያጠና ኖሮ፣ በ1961 ወጪና ገቢ ኮረንቲን እንደ ጠንቃቃ ሒሳብ ሹም የሚያስተያይ መቁረጫ ሠራ። ዛሬ በቤት ሶኬቶች ላይ ያለው ዓይነት 5 ሚሊአምፔር ገደማ ሲጎድል ከዓይን ጥቅሻ ቀድሞ ያጠፋል። በ1987 በደንቡ ወጥ ቤት ገባ። የመሬት ሽቦ በሌለበት አሮጌ ቤትም፣ «የመሬት ሽቦ የለውም» የሚል ምልክት ተለጥፎበት፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውን መተካት ይችላል።

የሽቦው አቅም ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ እዚህ ላይ ሐበሻው ይገባል። በአሜሪካ ብዙዎች እንጀራ የሚጋግሩት አዮዋ ውስጥ ለኖርዌጂያን ስስ ቂጣ በተሠራ ክብ ምጣድ ነው። የምጣዱ 1,400 ዋት በ120 ቮልት ሲካፈል 12 አምፔር ይጠጋል፤ የአሮጌ ቤት መስመር ብዙ ጊዜ 15 ነው። ሊጡ ፈሶ ዓይን ማውጣት ሲጀምር ከዚያው መስመር ላይ የሻይ ውሃ ማፍያ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራዋም ሊጥ እንደሆነች ትቀራለች።