ከደብረ ምጥማቅ እስከ ፌርፋክስ፦ የቅዳሜና እሁዳችን ታሪክ

የሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያውያን ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ የሚጀመረው ከምግብ ቤት ነው። ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ፒኮ በሚወስደው አጭር የፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የከተማው ምክር ቤት ሰፈሩን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። እውነት ነው፤ ለጋዜጣም ይመቻል። ነገር ግን የምግብ ቤት ታሪክ የባለቤቱና የደንበኛው ታሪክ ነው። ያ ደንበኛ ልጆቹን፣ ጓደኞቹንና የጓደኞቹን ልጆች ሰብስቦ የት ይውል ነበር? ቀኑስ የትኛው ነበር? ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ሩቅ ይወስደናል።

«ቅዳሜና እሁድ» የምንለው ነገር ከአሜሪካ የተዋስነው አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሁድ ሁሉ ትከበር ብለው ሲያስተምሩ፣ የእስክንድርያን ሥርዓት የሚከተለው ወገን ተነሣባቸው። አገራቸውን ጥለው በግብጽ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አርመን ድረስ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1352 እዚያው አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን አልተበተኑም። እ.ኤ.አ. በ1404 ዐፄ ዳዊት ቀዳሚትን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው፤ በ1450 ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ፤ ከግብጽ የመጡት ጳጳሳት ሚካኤልና ገብርኤልም ተስማሙ። እንግዲህ በቅዳሜ ምክንያት የተሰደደ አባት ያለን ሰዎች ነን።

አሜሪካ ውስጥ ሄንሪ ፎርድ ለሠራተኞቹ ቅዳሜን ከሥራ ነፃ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። የሳምንቱን ሥራ ቀስ በቀስ ወደ 40 ሰዓት ያወረደው ሕግም በ1938 ወጣ። «አምስት መቶ ዓመት ቀደምናቸው» ብሎ መኩራራት ያምረናል፤ ግን ቸኩለን ባንኩራራ ይሻላል። የደብረ ምጥማቅ ሰንበት የጸሎት ቀን እንጂ የመዝናኛ ቀን አልነበረም። ደግሞም ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን የሚፈቅደው መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት ብለን ብናሰላው ቅዳሜ ተመልሳ የሥራ ቀን ሆናለች ማለት ነው። ኤዎስጣቴዎስ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

የደጋ ሰው በዓሉን ደጅ ወጥቶ ማሳለፍ ግን ያውቅበታል። ተራራ ለመዝናናት አይወጣም፤ አምባ መሸሸጊያ ነው፣ ገዳም ነው፣ እንደ ግሸን ሲሆን ደግሞ የንጉሥ ዘር የሚታሰርበት ነው። መዋያው ሜዳው ነው። በገና ጌታና ሎሌ በአንድ መስክ ሩር ይማታሉ፤ በቡሄ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። በጥምቀት ታቦቱ ከመንበሩ ወጥቶ ውኃ ዳር ድንኳን ውስጥ ያድራል፤ ከሕዝቡም ብዙው አብሮ ሜዳ ላይ ያድራል። ልጆቻችን ከአሜሪካ ትምህርት ቤት ተምረው የሚነግሩን «ካምፒንግ» ለአያቶቻቸው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ልዩነቱ አያቶቻቸው ብቻቸውን ለመሆን ብለው አለመውጣታቸው ነው።

እንዲያውም ዋና ከተማችን ራሷ የሽርሽር ልጅ ናት ማለት ይቻላል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ብርድ ላይ ሳለ፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ወደ ፍልውኃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ማሠሪያ ጠይቀው አሠሩ፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ጦር ሰፈር ለማድረግ፣ ንግድ ለማቋቋም ወይም ወደብ ለመቅረብ አልነበረም። ሙቅ ውኃ፣ ለምለም መስክና ከወዳጅ ጋር መዋል ነበር መነሻው። የከተማ አመሠራረት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን እንደ ትንሽ ጨዋታ ያልፉታል፤ እኔ ግን ዋናው ነገር ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ቢሾፍቱ ቀረበች፤ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም በሐይቅ ዳር ቤተ መንግሥት ነበራቸው። መኪና ያለው ቤተሰብ ሶደሬ ለመዋኘት ወረደ። ላንጋኖም በበቀለ ሞላ ሆቴል አድሮ፣ ቡናማውን ውኃ ሳይፈራ ልጆቹን አጠበ። ሽርሽር ስንል ወላጆቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ይህ ነው፦ አንድ መኪና ውስጥ የታጨቁ ሁለት ቤተሰቦች፣ በጨርቅ የታሰረ ድስት፣ በጀበና የተያዘ ቡና። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ማታን ወሰደ፤ የቀበሌ ስብሰባው እሁድን ተሻማ። ጓደኛ ከጓደኛ ጋር መስክ ላይ መቀመጥም የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ሎስ አንጀለስ የደረሱት ይህን ትዝታ ይዘው ነው የመጡት። ከተማው ግን ቅዳሜን አልሰጣቸውም። ታክሲ የሚነዳ ሰው ጥሩ ገቢ የሚያገኘው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሆቴል የሚያጸዳው፣ በሆስፒታል ፈረቃ የሚገባው ሁሉ ቅዳሜና እሁድን ሽጦ ነው የቤት ኪራይ የሚከፍለው። ባልና ሚስት በተለያየ ፈረቃ ሲሠሩ ልጅን እንደ ዱላ ቅብብል በር ላይ ይቀባበላሉ። ሰው አገሩን ሲያጣ አየሩን ወይም ቋንቋውን ያጣ ይመስለናል፤ ብዙው ግን መጀመሪያ ያጣው ከወዳጁ ጋር የሚያርፍበትን ቀን ነው።

መልሱ ከእግር ኳስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ተመሠረተ፤ ውድድሩም በየዓመቱ በአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ በጁላይ 4 ሰሞን ይካሄዳል። የቀኑ ምርጫ ብልኅነት አለበት፦ ሳምንታዊ ሰንበት ለሌለው ሠራተኛ፣ ቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ የሚያገኘው ዓመታዊ ሰንበት ነው። ሜዳው ውስጥ 22 ሰው ይሮጣል፤ ከሜዳው ውጭ ግን ለ20 ዓመት ያልተያዩ የክፍል ጓደኞች ይተቃቀፋሉ፣ ልጆች የአጎት ልጅ የሚሏቸውን ባዕዳን ይተዋወቃሉ። ከሜዳው ውጭ ያለው ይበልጥብኛል።

በተቀረው ዓመት ደግሞ ፓርክ አለ። ግሪፊዝ ፓርክና ኤሊዥያን ፓርክ ያሉት ባሕር ዛፎች ጥላቸው ለእኛ የታወቀ ነው። ዛፉ ለካሊፎርኒያም ለአዲስ አበባም ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው፤ ካሊፎርኒያ በ1850ዎቹ፣ ምኒልክ በ1890ዎቹ ገደማ ተቀበሉት። ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ ያሸተተ ሰው እንጦጦን ያገኛል። ከፍታ ግን አይገኝም፤ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ትልቁ ተራራ ባልዲ 3,068 ሜትር ነው፣ የእንጦጦ ጫፍ ከዚያ ይበልጣል። ቅዳሜ ጠዋት ዱላና ቦርሳ ይዘው ባልዲን የሚወጡ ወጣቶቻችንን ሳይ፣ እናቶቻቸው በልጅነታቸው እንጨት ተሸክመው ከዚያ ከፍታ ይወርዱ እንደነበር ማን ነገራቸው እላለሁ።

ለምግብ ቤቶቹ የጋዜጣ ዘገባ፣ የምክር ቤት ውሳኔና የመንገድ ምልክት አለላቸው። ለፓርኩ እሁዶች ያለን ግን በየሳሎኑ ያለ የፎቶ አልበም ብቻ ነው፤ በፎቶው ላይ ያሉትን ስም የሚያውቁት ደግሞ እያረፉ ነው። አልበሙን ከፍቶ ከጀርባው ስምና ዓመት መጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ አይፈጅም።

ከፌርፋክስ በላ ሲኤኔጋ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲወረድ ባልድዊን ሂልስ ላይ ኬኔት ሃን ፓርክ ይገኛል። ከጉብታዎቹ አንዱ ሥር ያለው ሰፊ መስክ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 ግድቡ ተደርምሶ የፈሰሰው የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 የመጀመሪያው የኦሊምፒክ መንደር የተሠራውም በነዚህ ኮረብቶች ላይ ነው። አሁን በፓርኩ ውስጥ የኦሊምፒክ ጫካ የሚሉት ቦታ አለ፤ በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ለተካፈሉት 140 አገሮች መታሰቢያ ተብሎ የተተከለ ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግና ቀረች። በሞስኮ ሁለት ወርቅ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠርም አልመጣም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው፣ ልጆች ኳስ ይዘው፣ ጥላ ፍለጋ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዞራሉ፤ ዛፉ የየትኛው አገር እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።