የአሜሪካ ሬዚደንሲ፦ ፈተናውን ካለፉ በኋላ ማመልከቻው የት ይወድቃል?

ኢንቦክሳችን ውስጥ ከሚደጋገሙት ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ብዙ ቦታ አመልክቻለሁ፣ ለኢንተርቪው የጠራኝ ግን የለም። ምን ጎደለኝ?» ከእኛ መካከል ሐኪም የለም። ማመልከቻ ሲሞሉ አብረናቸው ያመሸን ጓደኞች ግን አሉን። አንዳንዶቹ ሄደዋል፣ አንዳንዶቹ እዚሁ ናቸው። የለያቸው ነገር እውቀት አልነበረም ብለን እናምናለን፤ ሥራቸውን ወረቀት ላይ ያሳዩበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ለማያውቁት፦ ሬዚደንሲ ደመወዝ ያለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና ነው፤ ያለ እሱ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ሆኖ መሥራት ከባድ ነው። ውጭ የተመረቀ ሰው የዩኤስኤምኤልኢ ስቴፕ 1 እና ስቴፕ 2 ሲኬ ፈተናዎችን አልፎ፣ ኦኢቲ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ወስዶ፣ ከኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ያገኛል። ከዚያ ኢራስ በሚባለው ሲስተም ያመለክታል። ፕሮግራሞቹ ማመልከቻዎቹን መስከረም መጨረሻ ላይ (በፈረንጆቹ) ማየት ይጀምራሉ፤ ውጤቱ መጋቢት ላይ በ«ማች» ይታወቃል። በ2025ቱ ማች አሜሪካዊ ካልሆኑ የውጭ ተመራቂዎች የተሳካላቸው 58 በመቶ ገደማ ናቸው። እዚያው ተምረው ከሚጨርሱት የኤምዲ ተማሪዎች ግን ከ93 በመቶ በላይ አልፈዋል።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ቁጥር ነው። ስቴፕ 1 ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለፈ/ወደቀ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ክብደቱ ወደ ስቴፕ 2 ሲኬ ዞሯል። አንድ ጊዜ ካለፋችሁ ውጤት ለማሻሻል ብላችሁ መድገም አይቻልም፤ ከወደቃችሁ ደግሞ መውደቁ መዝገብ ላይ ይቀራል። እያንዳንዱ ፈተና ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፣ «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ አይገባበትም። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩትን «የወጡ ጥያቄዎች» ደግሞ አትንኩ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ከኔፓል ጋር የተያያዙ ከ800 በላይ ተፈታኞች ውጤታቸው እንዲሰረዝ ተደርጓል።

ሁለተኛው ወረቀት ነው፣ እዚህ ጋ የእኛ ሀገር ሰው የራሱ ጣጣ አለው። ፓስፖርት ላይ አንድ ኤን ያለው ዮሐንስ ዲግሪው ላይ ሁለት ኤን ይኖረዋል። የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። የምረቃ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ይሆንና ሲለወጥ ይሳሳታል፦ ኅዳር 2014 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 2021 ነው፣ ሐምሌ 2014 ግን 2022። ኢሲኤፍኤምጂ ዲግሪውን የሚያረጋግጠው ራሱ የሕክምና ትምህርት ቤቱን ጠይቆ ነው። ሬጅስትራር ቢሮ መልስ እስኪሰጥ ወራት ሊሄድ ይችላል፣ እሱን ቀድማችሁ ጀምሩት።

አሁን ወደ ዋናው። ኢራስ ላይ እስከ 10 የሥራ ልምድ መጻፍ ይቻላል፤ ከነሱ 3ቱን «ትርጉም የነበራቸው» ብላችሁ መርጣችሁ ታብራራላችሁ። እኛ ያየናቸው አብዛኞቹ ማመልከቻዎች የኢንተርንሺፕ ዓመቱን በአንድ መስመር ይዘጉታል፦ «በአራት ዲፓርትመንቶች ተዘዋውሬ ሠርቻለሁ።» በቃ! ሌሊት ሙሉ ዲዩቲ ያደረ፣ ዋርዱን ከአንድ ሲኒየር ጋር የያዘ ሰው ይሄን ብቻ ሲጽፍ ያናድዳል።

ልዩነቱን እዩት። «ተረኛ በነበርኩበት ሆስፒታል ሲቲ ስካን አልነበረም። ስትሮክ የተጠረጠረ ታካሚ ሲመጣ በምርመራ ያገኘሁትን ለሲኒየሬ በስልክ አስረድቼ፣ የሚላክበትን ሰዓትና የሚላክበትን ቦታ አብረን እንወስን ነበር። ከዚያ በኋላ የሪፈር ወረቀት አጻጻፋችንን ለማስተካከል አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀሁ።» የሚያነበው ሰው እዚህ ውስጥ ውሳኔ፣ ትብብርና የራስ ተነሳሽነት ያያል። ችግሩን ለማሳዘን አትጻፉት ግን፤ ችግሩ ውስጥ ምን እንደሠራችሁ ጻፉት። ያልሠራችሁትንም አትጨምሩ። ስማችሁ ያለበት ጥናት ካለ ኢንተርቪው ላይ ስለ ናሙናው፣ ስለ ትንተናው ይጠይቋችኋል። «ስሜን አስገብተውልኝ ነው» የሚባል መልስ የለም።

ከተመረቃችሁ በኋላ ሥራ ያጣችሁበት ጊዜ ካለም አትደብቁት። ከወር እስከ ወር ምን ስትሠሩ እንደነበር በአጭሩ አስቀምጡ፦ የግል ክሊኒክ፣ በጎ ፈቃድ፣ ፈተና ዝግጅት። ባዶ የቀረውን ወር አንባቢው በራሱ ግምት ይሞላዋል።

የድጋፍ ደብዳቤ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ለአንድ ፕሮግራም እስከ 4 ይላካል። እኛ ጋ የተለመደውን ታውቁታላችሁ፤ ፕሮፌሰሩ ጊዜ ስለሌላቸው «አንተው ጻፈውና አምጣው፣ ልፈርም» ይላሉ። እንደዚያ የተጻፈ ደብዳቤ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ትሑት» ብሎ ያልቃል፣ ስሙ ቢቀየር ለማንም ይሆናል። እምቢ ማለትም ይከብዳል። የሚሠራው ዘዴ ይሄ ነው፦ አብራችሁ ያያችኋቸውን ሁለት ሦስት ኬዞች (የታካሚ ስም ሳይኖር) በአንድ ገጽ አስታውሷቸው፣ ጽሑፉን ግን ለእሳቸው ተዉት። ደብዳቤውን ወደ ሲስተሙ የሚያስገቡትም እሳቸው ናቸው። እናንተ የማየት መብታችሁን እንደተዋችሁ ብታመለክቱ ይሻላል፤ ፕሮግራሞች ያንን የበለጠ ያምናሉ።

ከአሜሪካ ሐኪም ደብዳቤ ለማግኘት ብዙዎች ኦብዘርቨርሺፕ ይሄዳሉ። ቆሞ ማየት እንጂ ታካሚ መንካት የለበትም፣ ያም ሆኖ ይጠቅማል። ግን ከፍለው የሚገቡበት ብዙ ስለሆነ ተጠንቀቁ። አንድ የምናውቀው ልጅ ቤተሰቡ ተበድሮ ለደላላ ከፈለለት፤ አራት ሳምንት ተቀምጦ የመጣው ደብዳቤ ከሌላ ልጅ ደብዳቤ ጋር ቃል በቃል አንድ ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪሙ ሬዚደንት የሚያስተምርበት ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ወይም የባች ጓደኛ ያላቸው ደግሞ «አስገባኝ» ከማለት «ማመልከቻዬን አንብብልኝ» ቢሉ የበለጠ ያተርፋሉ።

የት ማመልከት? በ2025 ዙር በአንድ ስፔሻሊቲ እስከ 30 ፕሮግራም ለእያንዳንዱ 11 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 30 ዶላር ነበር። በጭፍን 150 ቦታ መበተን ስንት ብር እንደሆነ አስሉት። ከመክፈላችሁ በፊት የፕሮግራሙን ገጽ ከፍታችሁ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ከተመረቁ ስንት ዓመት ድረስ ይቀበላሉ? ቪዛስ? ጄ-1 ብዙዎች የሚሰጡት ነው፤ ከሀገራችሁ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱም ሁለት ዓመት ሀገር መመለስ ወይም ዌቨር ማግኘት ግድ ነው። ኤች-1ቢ ስቴፕ 3ን አስቀድሞ ማለፍ ይፈልጋል። ከመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው አዲስ ኤች-1ቢ የሚጠይቅ ቀጣሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል የሚያዝ አዋጅ ወጥቷል። «ሲግናል» የሚባለውን፣ ማለትም በእውነት እፈልጋችኋለሁ የምትሉበትን ምልክት፣ ለታዋቂ ስም አታባክኑት። የውጭ ተመራቂ ሬዚደንቶች ያሉባቸውን ፕሮግራሞች ምረጡ፣ ብዙዎቹ የሬዚደንቶቻቸውን ዝርዝር ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ።

ኢንተርቪው አሁን በአብዛኛው በቪዲዮ ነው። መብራትም ኔትም እንደሚሄድ አስባችሁ ቻርጅ የተደረገ ስልክና የሞባይል ዳታ አጠገባችሁ ይሁን፣ የአስተባባሪዋን ኢሜይልም ቀድማችሁ ያዙ። ሰዓቱንም በአሜሪካ የትኛው ክልል አቆጣጠር እንደሆነ ደግማችሁ አረጋግጡ፤ እዚያ ኅዳር ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እኛ ጋ ግን አይቀየርም።