የሻንሲ ቁጥርና ከሁለት አሮጌ መኪኖች የሚገጣጠም መኪና

የሻንሲ ቁጥር አምራቹ በመኪናው ብረት ላይ የሚመታው መለያ ነው። ከሁለት አሮጌ መኪኖች አንድ ሲገጣጠም የሚነሣው ዋና የሕግ ጥያቄም የትኛው ቁጥር ይቀጥላል የሚል ነው። ብዙ ባለቤቶች ሊብሬው የጸዳውን ቁጥር መምረጥ የሚችሉ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የወረቀት ስም አይደለም፤ የተመታበትን ብረት ተከትሎ ይሄዳል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ቀድሞ መኪና ይመዘግቡ የነበረው በሞተር ቁጥር ነበር፤ ሞተር ግን ይቀየራል፣ በተቀየረ ቁጥርም ወረቀቱና መኪናው ይለያያሉ። ከእ.ኤ.አ. 1981 ሞዴል ጀምሮ መለያው 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ወጥ ቁጥር ሆነ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ይቆጥር ስለነበር ክርክሩ የሚበዛው በአሮጌዎቹ ላይ ነው።

ለዚህ ከቮልስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የሚያያዘው በብሎን ስለሆነ አንዱን አንሥቶ በሌላው ላይ ማሰር ለጋራዥ ከባድ ሥራ አይደለም። ቁጥሩ የሚመታው ግን ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ነው። የ1970 ቦዲ በ1977 ወለል ላይ ቢታሰር ዓይን የሚያየው የ1970 መኪና ነው፤ ብረቱ የሚናገረው 1977 ነው። ልዩነቱ ገንዘብ አለው፤ በካሊፎርኒያ የ1975 እና ከዚያ በፊት የነበሩ የቤንዚን መኪኖች ከጭስ ምርመራ ነጻ ናቸው። ስለዚህ የአሮጌውን ቁጥር ቆርጦ በአዲሱ ወለል ላይ መበየድ ያጓጓል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ቁጥርን አውቆ ማንሣትን፣ መፋቅንም ሆነ መለወጥን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ለጥገና የግድ ሲሆን ማንሣት ይፈቀዳል፤ የሞዴል ዘመን መምረጥ ግን ጥገና አይደለም።

«ሁለቱም መኪኖች የእኔ ናቸው፤ የተሰረቀ ነገር የለም፤ ማንን በደልኩ?» የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ በሐሳብ ደረጃ ይህ ሰው ከሌባ ጋር አይቆጠርም። ሆኖም የተሰረቀ መኪና የሚሸጥ ሌባም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከተገጨ መኪና ቁጥርና ወረቀት ወስዶ በተሰረቀው ላይ ያኖራል። ብየዳውን የሚመረምር ፖሊስም ሆነ ሦስተኛው ገዢ ሁለቱን በዓይን ሊለያቸው አይችልም። ሐቀኛው ባለቤት የወለሉን ቁጥር ይዞ መቀጠል፣ ያ ካልሆነም ግዛቱ አዲስ ቁጥር እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል።

ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ የመጣው ከእንግሊዝ ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 የለ ማን ውድድርን ያሸነፈው ቤንትሊ «ኦልድ ነምበር ዋን» በየጊዜው ሲታደስ ከመጀመሪያው ብረት የቀረው እጅግ ጥቂት ነበር። መኪናው ሲሸጥ ገዢው «ይህ ያ መኪና አይደለም» ብሎ ቢከራከርም ዳኛ ኦተን በ1990 ያው መኪና ነው ሲሉ ፈረዱ፤ ማንነቱን ያገኙት ባልተቋረጠ ታሪኩ ነው። ታዲያ ብረቱ ካልወሰነ የሻንሲ ቁጥር ምን ይሠራል? ልብ ሊባል የሚገባው በዚያ ክርክር አንድ የታሪክ መስመር ብቻ እንደነበረ ነው፤ ሌላ መኪና ስሙን አልተሻማም። ሁለት መኪኖች ሲዋሐዱ ግን ሁለቱም ያልተቋረጠ ታሪክ አላቸው፤ ታሪክ ብቻውን አይዳኝም።

እንግሊዞች ለብዙ ዓመታት የሠሩበት የነጥብ ስሌትም ይህንኑ ያሳያል። ሻንሲ 5 ነጥብ፣ የማሽከርከሪያው ክፍል፣ አክስሎቹ፣ ሰስፔንሽኑና የማርሽ ክፍሉ እያንዳንዳቸው 2፣ ሞተር 1 ብቻ ነበራቸው፤ የቀድሞውን ታርጋ ለማቆየት ከ14ቱ 8 ያስፈልግ ነበር። ሻንሲው ከሌላ አሮጌ መኪና የመጣ ከሆነ ግን የቀረው ሁሉ ቢሟላም ይሰጠው የነበረው በኪው ፊደል የሚጀምር ታርጋ ነበር፤ ትርጉሙም የዚህ መኪና ዕድሜ ወይም ማንነት በእርግጠኝነት አይታወቅም ማለት ነው።