አክተሩ አይሞትም

በ1980ዎቹ አጋማሽ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የምናዘወትረው ቪዲዮ ቤት የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና አንዲት መስኮት ነበረው። መስኮቷ ብርሃን እንዳታስገባ በማዳበሪያ ጆንያ ትከደናለች። ቴሌቪዥኑ ከሣጥን ላይ፣ ዴኩ ከሥሩ፣ እኛ ደግሞ ከባሕር ዛፍ በተመታ አግዳሚ ላይ። መግቢያው 50 ሳንቲም ነበር። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ባለቤቱ ዴኩን ከፍቶ ሄዱን አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርጋል፤ እኛ እናፏጫለን።

እኔ የግሽ ዓባይ ልጅ ነኝ። ለትምህርት ብዬ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ስኖር ድርቆሽና በሶ የሚያመጡልኝ «አያ» የምላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። አያ በወረዳችን በሰቀላ ደም ካደረቁ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውለው መሸባቸውና ከእኔ ዘንድ አደሩ። ምን ላጫውታቸው? ቪዲዮ ቤት ወሰድኋቸው።

የዚያን ምሽት ፊልም ስሙን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ «ሃሎዊን» ይባላል። ጆን ካርፔንተር የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በ300 ሺህ ዶላር ገደማ ሠራው፤ ለሆሊውድ ይህ የኪስ ገንዘብ ነው። ገዳዩ ፊቱ ላይ ያጠለቀው ጭምብል እንኳ የሌላ ተዋናይ መልክ የተቀረጸበት፣ ከሱቅ በ2 ዶላር ገደማ ተገዝቶ ነጭ የተቀባ ነው።

ቋንቋውን የሚሰማ ስላልነበረ ፊት ወንበር ላይ ያለ ልጅ በግምት ይተረጉማል። በቪዲዮ ቤት ሕግ የፊልሙ ዋና ሰው «አክተር» ነው፤ አክተር ደግሞ አይሞትም። ጭምብል ያጠለቀው ሰው አንዱን ከሌላው እያስከተለ ይገድላል። በመጨረሻ በሽጉጥ ስድስቴ ተመትቶ ከፎቅ ወደቀ። ተኳሹ ሐኪም ወደ ታች ቢያይ ሬሳ የለም። ቤቱ በአንድ አፍ «አክተሩ እሱ ነው!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

አያ አልሳቁም። ስንወጣ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ «ልጄ፣ ሰውየው በምን ደም ነው የሚገድላቸው?» አሉኝ።

«በምንም፣ አያ።»

«በምንም? እንግዲያ ማን ያስታርቀዋል?»

ያን ጊዜ ለጓደኞቼ እያወራሁ ብዙ ሳቅሁባቸው። ዛሬ ግን ከሰማኋቸው የፊልም ሒሶች ሁሉ የአያን ጥያቄ አስበልጣለሁ። በጎጃም ገጠር ገዳይ ጭምብል የለውም፤ የአባቱ ስም፣ ያደገበት ደብር ይታወቃል። ደመኛው በየት መንገድ እንደሚሄድም ይታወቃል። «ገዳይ» በፉከራ ሲነሣ ሙገሳ ነው፤ በዕርቅ ቀን ግን የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ሥር ይወድቃል፤ ካህን መስቀል ይዞ ይቆማል፤ ካሳ ይቆረጣል። የእኛ ሰው የሚፈራው የግድያውን ሌሊት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዘመን ነው።

አገራችን ሲኒማን የተቀበለችው እንዲያውም በፍርሃት ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ወጣ። ከዚያ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ፤ ሳያስበው ጓደኛውን ገድሎ የደም ካሳ እየለመነ የሚዞር ሰው ታሪክ ነው። ዛሬ የፊልም ሽልማታችን የሚጠራው በፊልሙ ስም ነው። በዚያው ወራት ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ውስጥ በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። እዚያ ውስጥ እብድ የሚባለው ከበበ ይለፈልፋል፣ ይሳደባል፣ ያስቃል፤ በመጨረሻ ባለመሬቱን ይገድለዋል። ያሳቀን ሰው ሲገድል ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። ገንዘቡ ትንሽ፣ ሳቁ መራራ፣ ገዳዩም እውነተኛ ነው። አያ ይህን ቢያዩ ኖሮ «በምን ደም?» ብለው አይጠይቁም ነበር፤ የተቀማ መሬት ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበርና።

ቪዲዮ ቤቶቹን ዲሽ አዳከማቸው፣ የሞባይል ሚሞሪ ጨረሳቸው። የቀሩት የአውሮፓ ኳስ ማሳያ ሆኑ። አያም አርፈዋል። እንግዲህ በትንሽ ገንዘብ አስፈሪ ፊልም ለመሥራት ካሜራ ለምትከራዩ ወጣቶች የምለው አንድ ነው፦ ለጭምብል ሁለት ዶላር አታውጡ። ገዳያችሁን መጀመሪያ ከአንድ ሽማግሌ ፊት አቁሙትና በምን ደም እንደ ገደለ ይጠየቅ። መልስ ካለው ፊልም አላችሁ።