«ከማን ሰማኸው?»፦ የፖስት ካርድ ጀርባና የአያቴ ሳጥን



አያቴ ወደ አኼራ ከሄደች በኋላ የቆርቆሮ ሳጥኗን የከፈትነው በሦስተኛው ቀን ነበር። ክሩ የተበጠሰ ሙስበሓ፣ የግብር ደረሰኞች፣ ሽፋኑ የረገፈ ኪታብ ወጣ። ከሁሉም ሥር ደግሞ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ፖስት ካርድ ነበር። ፊቱ ላይ የመስጂደል ሐራም ምስል አለ። ጀርባው ላይ በአማርኛ አራት መስመር ተጽፏል፦ በሰላም መድረሱን፣ ለእናቱ ሰላምታውን፣ ዱዓ እንዲያደርጉለት። መጨረሻው ላይ «ወንድምሽ» ይላል። ስም የለም።

አያቴ ወደ ሒጃዝ ሄደው ያልተመለሱ ሁለት ወንድሞች ነበሯት። በመካከላቸው የብዙ ዓመት ልዩነት ስላለ፣ ካርዱ የየትኛው እንደሆነ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ይነግረን ነበር። ማኅተሙ ግን የለም። በእሱና በቴምብሩ ቦታ ያለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። የቀደድኩት እኔ ነኝ። ያኔ ዐሥር ዓመት ገደማ ይሆነኛል፤ ሰፈራችን ውስጥ ልጆች ሁሉ ቴምብር እንለዋወጥ ነበር። በምላጭ ቆርጬ ለአንድ ልጅ በሁለት የውጭ ቴምብር ሰጠሁት። አያቴ ስታየው አልተቆጣችም። ካርዱን ከእጄ ተቀብላ በጨርቅ ጠቀለለችውና ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ማን እንደላከው አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላም ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ አልጠየቅኳትም።

ስለ ድሮ ፖስት ካርዶች ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ሳጥን በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖስት ካርድ መጀመሪያ የወጣው በኦስትሪያ በጥቅምት 1869 ነው፤ ምስል የሌለው፣ ርካሽ፣ ያለ ፖስታ የሚላክ ወረቀት። ምስል ያለበት ካርድ ዓለምን ያጥለቀለቀው ከ1900 ገደማ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለው ጊዜ ነው። ሰብሳቢዎች ካርድ ሲይዙ ብዙ ጊዜ ምስሉን ትተው ጀርባውን ያገላብጣሉ። በእንግሊዝ ከ1902 በፊት፣ በጀርመን ከ1905 በፊት፣ በአሜሪካ ከ1907 በፊት ጀርባው ለአድራሻ ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ መልእክት የሚጻፈው ፊት ለፊት በምስሉ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ጀርባው በመስመር ለሁለት ያልተከፈለ ካርድ ካገኘህ፣ ማኅተሙ ባይነበብ እንኳ ዕድሜውን ትገምታለህ።

በሀገራችን ነገሩ ከባቡሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ ለሚሄድ ደብዳቤ የእኛ ቴምብር ብቻውን አይበቃም ነበር፤ የጅቡቲ ቴምብርም ይለጠፍበታል። ሁለቱም ያሉበትን ካርድ ሰብሳቢዎች ሲያገኙ እንደ ወርቅ ነው የሚይዙት። በምላጭ የቆረጠ ልጅ ያልደረሰበት ካርድ ማለት ነው።

እነዚያን የጅቡቲና የሐረር ካርዶች ስታዩ ግን ልብ የሚነካ ነገር አለ። ከምስሉ ሥር በፈረንሳይኛ የሚጻፈው «የሐረር ሴት»፣ «የሶማሌ ልጅ»፣ «ነጋዴ» ነው። «ቲፕ» የሚል ቃልም ያዘወትራሉ፤ «ዓይነት» እንደማለት። ያቺ ሴት የሆነ ሰው ልጅ ናት፤ እናትም ልትሆን ትችላለች፤ ሰፈሯ ሁሉ በስም ያውቃታል። በካርዱ ላይ ግን ከእህል ናሙና የተለየች አይደለችም። ፎቶውን ያነሳው ሰው ስሟን ቢጠይቅ ኖሮ የሚፈጅበት አንድ ደቂቃ ነበር።

በመካ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሐረመይን የመጀመሪያ ፎቶዎች ተብለው የሚታወቁት የግብፃዊው የጦር መኮንን የሙሐመድ ሳዲቅ ቤይ ናቸው፤ መዲናን በ1861፣ መካን በ1880 አንስቷል። በ1885 ክርስቲያን ስኑክ ሁርግሮንየ የሚባል ሆላንዳዊ ምሁር መካ ገባና ዐብዱልጋፋር ለሚባል የመካ ሐኪም ፎቶ ማንሳት አስተማረው። ሆላንዳዊው ከመካ ከተባረረ በኋላ ሐኪሙ ከየሀገሩ የመጡ ሑጃጆችን እያነሳ ፎቶዎቹን ይልክለት ነበር፤ ላዩ ላይም ስሙን በዐረብኛ አሳምሮ ይፈርማል። ስኑክ ፎቶዎቹን በ1889 በመጽሐፍ ሲያሳትም ፊርማው ተፍቆ ወጣ። ሑጃጆቹም የተጠሩት በሀገራቸው ነው እንጂ በስማቸው አይደለም። አንሺውም ተነሺውም ስም አጡ። የዐብዱልጋፋር ሥራ ለእሱ የተመለሰለት ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ የተመለሰውም ፊርማው ያልተፋቀባቸው ቅጂዎች ስለተረፉ ነው።

(የፎቶን ሸሪዓዊ ፍርድ በተመለከተ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። እሱን ለዑለሞቻችን ትቻለሁ። እኔ የማወራው አስቀድሞ ተነስቶ ሳጥን ውስጥ ስለተቀመጠው ነው።)

መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ቶሎ ይገነዘባል። ሐዲስ ስንማር ከመልእክቱ እኩል የምንማረው ኢስናዱን ነው፤ ማን ከማን ሰማው? በሰንሰለቱ ውስጥ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ካለ «መጅሁል» ይባላል፤ ዘገባውም በእሱ ምክንያት ይደክማል። ዑለሞች የዘጋቢዎችን ስም፣ የሞቱበትን ዓመት፣ ከማን ጋር እንደተገናኙ የሚተነትኑ ወፋፍራም ኪታቦች ጽፈዋል። የድሮ የእጅ ኪታቦቻችንንም መጨረሻቸውን ብታዩ ብዙ ጊዜ ገልባጩ ስሙንና የጨረሰበትን ቀን አስፍሮ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ውርስ ይዘን ቤታችን ያሉት ፎቶዎች በሙሉ መጅሁል ናቸው።

ሐረር ጀጎል የሄደ ሰው የአቶ አብደላህ ሸሪፍን ሙዚየም ሳያይ አይመለስ። ሰውየው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው መሰብሰብ የጀመሩት፤ መጀመሪያም የሚያሳዩት በገዛ ቤታቸው ነበር። አሁን ስብስቡ ያለው የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ባለፎቅ ቤት ውስጥ ነው። የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች፣ ሳንቲሞች፣ ልብሶች፣ የድሮ የሐረሪ ዜማ ቅጂዎች አሉ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የኪታብ አደሳና የጥረዛ ጥበብን ራሳቸው ተምረው መሥራታቸው ነው። አብዛኛው ዕቃ የወጣው ከቤተሰብ ሳጥን እንጂ ከቤተ መንግሥት አይደለም።

ሁላችንም ሙዚየም አንከፍትም። ግን በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ያለውን ሳጥን ክፈቱ። ፎቶውን ከነጀርባው በስልክ አንሱት፤ በቴሌግራም ስትልኩት በፋይል መልክ ይሁን፣ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። ጀርባው ላይ መጻፍ ካስፈለገ በእርሳስ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ከጠርዙ በኩል ጻፉ። እስክሪብቶ ቀለሙ ሊያልፍና ሊያበላሸው ይችላል። እርሳስ የማይቀበል ለስላሳ ወረቀት ከሆነ በወረቀት ፖስታ ከትታችሁ ፖስታው ላይ ጻፉ። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ ሙጫውም አይለቅም። ላሚኔት ማስደረግ ደግሞ «ጠበቅኩት» ብሎ ማጥፋት ነው፤ አንዴ በሙቀት ከተጣበቀ በኋላ መመለሻ የለውም። ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካለ አትንቀሉት፤ ከነመስታወቱ አንሱት። የሚረጥብ ግድግዳና ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ሁለቱም ጠላቶቹ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አዛውንቷ አጠገብ ቁጭ በሉና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳያችሁ ድምጿን ቅዱ። ወረቀቱ ሌላ ሃምሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ እሷ ግን አታውቁም።

እኔ ለአያቴ ይህን አላደረግኩም። ባለፈው ረመዳን ካርዱን ይዤ ከአያቴ ዘመዶች በሕይወት ወዳሉት ሁለት እናቶች ሄድኩ። አንደኛዋ ቀዳዳውን በጣቷ እየዳሰሰች «የትልቁ ነው፤ ትንሹ መጻፍ አይችልም ነበር» አለችኝ። ሌላዋ ሳቀችና «ትልቁም አይችልም፤ ጂዳ ላይ ለሰው እየከፈሉ ነው የሚያስጽፉት። የትንሹ ነው፣ ሲነበብላት እዚያው ነበርኩ» አለችኝ።

ካርዱን በወረቀት ፖስታ ከተትኩት። ፖስታው ላይ የሁለቱንም ቃል፣ ከነስማቸውና ከተናገሩበት ቀን ጋር በእርሳስ ጻፍኩ። ከሥሩም ማኅተሙን ማን እንደቆረጠው ጻፍኩ።