ታኮና መድፍ

ያደግሁት መርሳ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው ጎዳና ከተማዋን መሐል ለመሐል ስለሚሰነጥቃት፣ የሀብሩ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የመኪና ዓይነት ይለያል። እኛም ኤንትሬውን ገና ከሩቅ በድምፁ እናውቀው ነበር።

አንድ ክረምት ከወልድያ ወደ ድልብ በሚያወጣው አቀበት ላይ አውቶቡሳችን ቆመ። ከፊታችን እህል የጫነ መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ተገልብጧል። ረዳቱ ጎማው ሥር ታኮ ሊያስገባ ሲሮጥ እግሩ ተጨፍልቋል። ከብዙ ሰዓት በኋላ የደረሰው ባለንብረት መጀመሪያ የጠየቀው «ስንት ኩንታል ተረፈ?» ብሎ ነው። የልጁን ስም የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

የዐፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ጉዞ ባነበብሁ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ያን አቀበት ጨርሶ ጋሸና የደረሰ መንገደኛ ወደ ምዕራብ ቢቀጥል ደብረ ታቦር ይገባል፤ ወደ ደቡብ ቢታጠፍ በዋድላና በደላንታ በኩል ወደ መቅደላ ያመራል። ንጉሡ መድፎቻቸውን ያስጎተቱት በዚያው ደጋ ነበር።

መድፎቹ የተሠሩት ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው። ከሠሪዎቹ መካከል እንደ ዋልድማየር ያሉት ለስብከት የመጡ እንጂ የመድፍ ባለሙያዎች አልነበሩም። ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። መንገድ ስላልነበረ ዐለቱ በባሩድ እየተፈነዳ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ ሠረገላውን በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ ይጎትተው ጀመር። ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ ያዩ ምስክሮች ጽፈዋል። በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መውጣት ነበረ። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ያህል አልፏል።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ላይ ጦርነቱ ተከፈተ። ከፋላ ኮረብታ ከተተኮሱት ታላላቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ጥይት ፈነዳ፤ ባሩዱ ከልክ በላይ ተጠቅጥቆበት ነበር ይባላል። የዚያን ዕለት ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ።

ከመድፉ መፈንዳት ይልቅ እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ጄኔራል ናፒየር ከህንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ከባድ መሣሪያውን አስጭኖ በመጣ ጊዜ፣ ጅጣንና በሽሎን የተሻገረው ቴዎድሮስ ባሠሩት መንገድ ነው። ጎታቾቹ ላባቸውን ያፈሰሱበት ጥርጊያ የጠላታቸው ጎዳና ሆነ።

እርግጥ፣ መንገድ ማንን እንደሚያሳልፍ አይመርጥም። ቴዎድሮስም ቢሆኑ ጊዜ የቀደማቸው እንጂ ሐሳባቸው ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ሒሳቡ ሙሉ ይሁን። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቆሞለታል። ክብደቱን እናውቃለን፤ ስሙን እናውቃለን። ሽቅብ ሲሄድ ገመዱን የያዙት፣ ቁልቁል ሲወርድ ከሠረገላው ኋላ ሆነው የገቱት ግን አንድም ስም አልተረፈላቸውም።

አሁንም በድልብ አቀበት ሳልፍ የመኪናውን ጭነት አልቆጥርም። ዓይኔ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ኋላ የሚሮጠውን ልጅ ይፈልጋል።